ሰዓት ያዥዋ

ፋናዬ ያንን ደብዳቤ በቦርሳዋ ይዛ መዞር ከጀመረች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ የ1977 ጥቅምት፣ ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ የሚባለው ጎዳና ከፒኮ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን። እሷ አሮጌ ዶጅ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ የእጅ ሰዓቷን ታያለች። ለገሠ አስፋልቱ ዳር አዲስ ከስክስ ጫማውን ተጫምቶ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ቆሟል። "ሂድ!" አለችው፤ ሄደ።

ደብዳቤው የለገሠ ታናሽ ወንድም ኅሩይ መሞቱን ይናገራል። ለገሠ ይህን አያውቅም። የሚሮጠው ደግሞ ለኅሩይ ብሎ ነው።

ለገሠ ከአዲስ አበባ ለትምህርት መጥቶ፣ ትምህርቱ አልሆን ሲለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገብቶ አራት ዓመት መርከብ ላይ አገልግሏል። አገልግሏል ሲባል ተዋግቷል ማለት አይደለም፤ ድንች ልጧል፣ ሽንኩርት ከትፏል፣ ለሦስት መቶ ሰው እንቁላል ጠብሷል። ከዚያ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሳህን ያጥባል። ኅሩይ አዲስ አበባ የተማሪ ነገር ውስጥ ገብቶ ከቤት ቤት እየተደበቀ ነበርና፣ ወደ ካርቱም የሚያወጣው ሰው ሲገኝ ለገሠ ወንድሜን ላምጣ ብሎ ለኢሚግሬሽን አመለከተ። የወረቀቱ ሰዎች ግን በሳህን አጣቢ ደሞዝ ዋስ መሆን አይቻልም፣ የጸና ሥራ ያዝና ተመለስ አሉት። እሱም የጸና ሥራ ቢያስብ ቢያስብ ከምድር ጦር ሌላ አልመጣለትም።

ቢሮው ፌርፋክስ ከቤቨርሊ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ያለው የምልመላ ሳጅን የለገሠን ፋይል አይቶ ደስ አለው። በሌላ ጦር ያገለገለ ሰው እንደ አዲስ ምልምል ከሀ ሁ አይጀምርም። የአራት ሳምንት የሽግግር ኮርስ አለለት፤ ጠመንጃ፣ ካርታ፣ ሰልፍ፣ ሩጫ። ያለፈ ማዕረጉ ተጠብቆለት ወደ ሥራው ይሄዳል፤ የወደቀ ከአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሶች ጋር እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። "ሁለት ማይል፣ በከስክስ፣ ከአሥራ ሰባት ደቂቃ በታች" አለው ሳጅኑ ሆዱን እያየ። ለገሠ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሆዱ ግን በዕድሜ የሚበልጠው ይመስላል።

ፋናዬ የምድር ቤት ጎረቤቱ ናት። እሷም በተማሪነት መጥታ፣ አሁን ሳንታ ሞኒካ ሆስፒታል ውስጥ የከሰዓት ፈረቃ ረዳት ነርስ ሆና ትሠራለች። አሠልጥኚኝ ብሎ የለመናት እሱ ነው። ከፒኮ እስከ ቤቨርሊ ልክ ሁለት ማይል መሆኑን በመኪናዋ የለካችው እሷ ናት። በመጀመሪያው ቀን "ሰዓቱን አንቺ ያዢው" አላት። "እኔ ለራሴ አደላለሁ፤ አንቺ ግን ውሸት አትችይም።" ከዚያ ወዲህ ቤቨርሊ ደርሶ ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ "ስንት?" ይላታል፤ ትነግረዋለች፤ እሱም "ኦኬ" ብሎ ይቀበላል። አንድ ቀን እንኳ ሰዓቱን ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም።

ከሩጫው በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሳጅኑ የሰጠውን የኮርሱን መጽሐፍ ታስጠናዋለች። ችግሩ ለገሠ እስካሁን አፉ መርከብ ላይ ነው። ወለሉን "ዴክ" ይላል፣ ወጥ ቤቱን "ጋሊ" ይላል። እንደዚህ ባለ ቁጥር አሥር ፑሽ አፕ ትቀጣዋለች፤ ስድስተኛው ላይ ደረቱን መሬት ላይ ጥሎ "ሳጅን ፋናዬ፣ በወለላይቱ እማምላክ!" እያለ ያስቃታል። ያስቃት ነበር ማለት ይሻላል። ከዘጠኝ ቀን ወዲህ ሳቋ ከአንገት በላይ ነው።

ደብዳቤው በእሷ ስም መምጣቱ በስህተት አይደለም። መርዶ ለባለ ሐዘኑ በፖስታ አይላክም። የጻፉት የለገሠ አክስት ፀሐይነሽ ናቸው፤ ለገሠ አድራሻዋን ቀደም ብሎ ልኮላቸው ነበር። "ልጄ ፋናዬ፣ ኅሩይን መስከረም ሦስት ቀን አጣነው። ሕመሙ የዘመኑ ሕመም ነው፣ አንቺ ይገባሻል። ማልቀስም አልተፈቀደልንም። ለገሠን ብቻውን እንዳታረዱት። ሰው ሰብስባችሁ፣ በጠዋት፣ እቤቱ አርዱት።"

ሰው ሰብስባችሁ ሲባል፣ ያኔ ፌርፋክስ አካባቢ የሚሰበሰብ ሰው የታለና። የነበረው አበሻ በጣት የሚቆጠር፣ እሱም ያው ተማሪ ነው። ሽማግሌ ከተባለ ካልቨር ሲቲ የሚኖሩት ጋሼ ሸዋንግዛውና ባለቤታቸው እትዬ ኤልፍነሽ ናቸው። ጋሼ ሸዋንግዛው ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቀን ቀን መኪና ማቆሚያ በር ላይ ቲኬት ይቆርጣሉ፤ ቅዳሜና እሑድ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ምርቃት ላይ ደግሞ የሚያህላቸው የለም። ለገሠን ባገኙት ቁጥር ጎንበስ አድርገው "ኅሩይን ከአውሮፕላን ሲወርድ ለማየት ያብቃህ" ሳይሉት አልፈው አያውቁም።

ፋናዬ ደብዳቤው በደረሳት ዕለት ፈረቃዋን ትታ እሳቸው ዘንድ በረረች። አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"መቼ ነው የሚሄደው?" አሏት።

"በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይፈርማል፣ ሰኞ ይሄዳል።"

"እንግዲያው ከኮርሱ ሲመለስ ነው። መንገደኛ አይረዳም።"

"ጋሼ፣ የሚሄደውኮ ለኅሩይ ብሎ ነው። ኮንትራቱ ሦስት ዓመት ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። አሁን ብንነግረውስ? እዚያ ሆቴል ሳህን ላይ አቀርቅሮ ሲያለቅስ ሊከርም ነው። ጦሩ ሥራ ነው፣ ሰው ነው። ያባብለዋል።"

እትዬ ኤልፍነሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው "ቻል አድርጊው እንጂ የኔ ልጅ፣ አራት ሳምንት ምን አላት" አሉ።

እውነቱን እንነጋገርና ፋናዬ ቀለል አላት። ትልቅ ሰው ወሰነ፤ ከእሷ ራስ ወረደ። መንገደኛ አይረዳም የሚለውም እናቷ ቤት ስትሰማው ያደገችው ነው። ማታ አልጋዋ ላይ ስትጋደም ግን ያ ቀለል ያለው ነገር ተመልሶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰው ለሞተ ወንድሙ ሲል ሦስት ዓመቱን ሊሸጥ ነው፤ እሷ ደግሞ ሰዓት ትይዝለታለች።

ሌላም ነገር ነበረባት። ፋናዬ ለገሠን ትወደዋለች። ነግራው አታውቅም፤ እሱም ከኅሩይ ወዲያ የሚታየው ነገር የለም። እንዲቀርላት ትፈልጋለች፤ ብትነግረው ደግሞ ይቀራል። ስለዚህ ልንገረው ባለች ቁጥር፣ ለእሱ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ ብዬ እያለች ራሷን ትመረምራለች፤ ምርመራው ሳያልቅ ቀኑ ያልቃል። እንዲህ እንዲህ ሲል ነው ዘጠኝ ቀን የሞላው።

የዚያን ማክሰኞ ለገሠ ቤቨርሊ ሲደርስ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። "ስንት?" አላት።

"አሥራ ሰባት ከሃምሳ።"

"ኦኬ። ሃምሳ ሰከንድ ብቻ ቀረኝ በይኛ!" አለና አስፋልቱ ዳር ተዘርግቶ ሳቀ።

ሐሙስ ጠዋት ከሩጫው በፊት አንድ የጫማ ካርቶን በብብቱ ሸጉጦ በሯን አንኳኳ። ካርቶኑ ውስጥ ቡናማ የወንድ ጫማ አለ። ጫማው ውስጥ ደግሞ በአራት የታጠፈ የደብተር ወረቀት። ለገሠ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው፤ በእርሳስ ዙሪያውን የተነደፈ የእግር ቅርጽ ነው። አውራ ጣቱ አጠገብ በልጅ እጅ ጽሕፈት "ትንሽ ሰፋ ይበል፣ እያደግኩ ነው" ይላል።

"ዐምና የላከልኝ ነው። ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ሱቁ ውስጥ ጫማው ላይ ስለካው ሰዎቹ ሳቁብኝ" አለ። "ሶ፣ አንቺ ጋ ይቀመጥ። እኔ ኮርስ ላይ እያለሁ ድንገት ከመጣ አየር ማረፊያ ይዘሽለት ትሄጃለሽ። በተቀደደ ጫማ እንዳይገባ።"

ፋናዬ "እሺ" አለች። ካርቶኑን ተቀብላ መኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከተተችው፤ ቤት ውስጥ ልታየው አልቻለችማ። ያን ቀንም ሰዓት ያዘችለት። አሥራ ሰባት ከሃያ ገባ።

ዓርብ መጣ። ፊርማውና መሐላው መሀል ከተማ ስለሆነ እሷ ድራይቭ አደረገች። ለገሠ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን አሳጥሮ፣ ለሚዜነት የተጠራ መስሎ ነበር። ቦርሳዋ በሁለቱ መካከል ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ደብዳቤው ውስጡ ነው። ቀይ መብራት ላይ ስትቆም በአንድ ትንፋሽ እንዲህ አለችው፦

"ለጌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኅሩይ ባይኖር... ማለቴ ለራስህ ብቻ ቢሆን፣ ትፈርም ነበር?"

"ለራሴ?" ሳቀ። "አብደሻል እንዴ! አራት ዓመት ድንች ልጬ ይበቃኛል። ለራሴማ ቢሆን ትምህርቴን ነበር የምጨርሰው። ሁለት ሴሚስተር ነው የቀረኝ፣ ታውቂያለሽ? እሱ ይምጣ እንጂ፣ ኋላ እጨርሳለሁ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋባት። ሕንፃው ፊት ለፊት ፓርክ አደረገች። አሁን ነው፣ አለች በልቧ። እጇን ቦርሳው ላይ አሳረፈች፤ ዚፑን ይዛለች። ለገሠ መስተዋቱ ላይ ኮሌታውን ያስተካክላል።

"ለጌ።"

"አቤት?"

በአደባባይ፣ መኪና ውስጥ፣ ብቻዋን፣ አንዲት ሴት ወንድምህ ሞቷል ትበለው? እሱ እዚያው አስፋልት ላይ ቢወድቅ ማን ደግፎ ያነሣዋል? ይህን ሁሉ ለራሷ ነገረች፤ ሁሉም ትክክል ነበር። ግን ፈርታ ነው። ሌላ ስም የለውም።

"በርታ" አለችው።

"የኔ ሳጅን!" ብሎ ግንባሯን ሳማትና ሮጦ ገባ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወጣ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ እንዴት እንደማለ ደረጃው ላይ ቆሞ አሳያት።

እሑድ ከቅዳሴ ሰዓት በኋላ ሽኝቱ ፋናዬ ቤት ሆነ። እትዬ ኤልፍነሽ ዶሮ ሠርተው መጡ። ጋሼ ሸዋንግዛው ከረቫት አድርገዋል። ለገሠ ጨዋታው ደርቶለት የሳጅኑን አነጋገር እያስመሰለ ብቻውን ያወራል፤ ሦስቱ ይስቃሉ፣ ሳይተያዩ። አንድ ጊዜ እትዬ ኤልፍነሽ ሊያጎርሱት እጃቸውን ሲዘረጉ ዓይናቸው ሞላ፤ "ሽንኩርቱ ነው" አሉ፣ ወጡ ከተሠራ ግማሽ ቀን ሆኖት።

ተበላ፣ እጅ ታጠበ። ለገሠ ተነሥቶ ጋሼ ሸዋንግዛው ፊት ሄዶ ጎንበስ አለ፤ ሁለት መዳፉን ዘረጋ። እሳቸውም ቆሙ።

"መንገድህን ያቅናልህ።"

"አሜን።"

"ክፉ አይይህ። አለቃህን ያራራልህ።"

"አሜን።"

"እግርህን ያጽናልህ። በሄድክበት መወደድን ይስጥህ። ሄደህ በሰላም ለመመለስ ያብቃህ።"

"አሜን፣ አሜን።"

ጋሼ ሸዋንግዛው እዚያ ላይ አቆሙ። ለገሠ ግን ቀና አላለም። እንዳጎነበሰ፣ መዳፉን እንደዘረጋ ይጠብቃል። አንድ ምርቃት ቀርቷል።

"ጋሼ፣ ኅሩይን ረሱት እኮ" አለ እየሳቀ።

ጋሼ ሸዋንግዛው አፋቸውን ከፈቱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለለገሠ ሲዋሹ አልተቸገሩም፤ በምርቃት ፊት ግን ከሰው ሌላ የሚሰማ አለና፣ የሞተን ሰው አምጣልን ብለው እግዜርን ሊለምኑት አልቻሉም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። እትዬ ኤልፍነሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ለገሠ ቀስ እያለ ቀና አለ። አንዳቸውን አየ፣ ሌላይቱን አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ነው፤ የሚያወርደው ጠፍቶት እንጂ።

"ጋሼ?"

"ልጄ..." አሉ ጋሼ ሸዋንግዛው፤ ትከሻውን ያዙት። "መስከረም ሦስት ቀን። እግዚአብሔር ያጽናህ።"

ለገሠ አልጮኸም። ግድግዳውን ይዞ ወደ ፋናዬ ዞረ። "በምን አወቃችሁ?"

ፋናዬ ቦርሳዋን ከፍታ ደብዳቤውን ሰጠችው። ታጥፎ ተዘርግቶ፣ ታጥፎ ተዘርግቶ ጠርዙ ላልቷል። አነበበው። ከዚያ ገልብጦ የፖስታውን ማኅተም አየ።

"መቼ ደረሰሽ?"

"ነገ... ነገ ሁለት ሳምንቱ ነው።"

"ዓርብ መኪና ውስጥ ስንሄድ፣ ይኼ ቦርሳሽ ውስጥ ነበር?"

ጋሼ ሸዋንግዛው ጣልቃ ገቡ። "እኔ ነኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት..."

"እርስዎን አልጠየቅሁም ጋሼ። ፋናዬ፣ ነበር?"

"ነበር።"

"ለራሴማ አልፈርምም ስልሽ?"

"ነበር፣ ለጌ።"

ያኔ ወለሉ ላይ ተቀምጦ "ኅሩዬ፣ ወንድሜ" እያለ ደረቱን መታ። እትዬ ኤልፍነሽ ሙሾ እያወረዱ አለቀሱ፣ ጋሼ ሸዋንግዛው ይዘውት አለቀሱ። ፋናዬ ከበሩ አጠገብ ቆማ አለቀሰች፤ ልትቀርበው አልደፈረችም፣ እሱም ወደ እሷ አላየም። ሲመሽ ጋሼ ሸዋንግዛው ሳጅኑን ሄደን እንለምነው፣ ሐዘን ገጥሞታል እንበለው አሉ።

"እጄን አንስቼ ምያለሁ" አለ ለገሠ ድምፁ ሰልሎ። "የሚለመነው ዓርብ ጠዋት ነበር።" ተነሣና ወደ ፎቁ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የጦሩ መኪና ቤቨርሊ ከሳጅኑ ቢሮ በር ይወስደዋል። ፋናዬ እንደ ቀጠሯቸው ገና በአሥራ ሁለት ተኩል መኪናዋን አስነሥታ ሕንፃው በር ላይ ጠበቀችው። ለገሠ ወረደ። ከስክሱን ተጫምቶ ትንሽ ሻንጣ በጀርባው አዝሏል። ዓይኑ አብጧል። መኪናዋን አየ፣ አልፏት ወደ ፒኮ ማዕዘን ሄደ። እዚያ ቆመና የጫማውን ክር አጠበቀ። ከዚያ መሮጥ ጀመረ።

ፋናዬ ሰዓቷን አየች። ለምን እንዳየችው አታውቅም፤ ልማድ ነው። ማርሽ አስገብታ ከኋላው ተከተለች። ኦሎምፒክን አለፈ፣ ዊልሸርን አለፈ። ሌላ ጊዜ እዚህ ጋ ሲደርስ ጎኑን ይዞ መነጫነጭ ይጀምራል፤ ዛሬ ጎኑንም አልያዘ፣ ዞሮም አላየ። ሻንጣው ጀርባው ላይ እየዘለለ ይመታዋል። የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው የጫማ ካርቶን መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ይሰማታል። ሦስተኛ ጎዳና ላይ መብራቱ ቀይ ነበር፤ እሱ ጥሶ ሄደ፣ እሷም ጥሳ ተከተለችው።

ቤቨርሊ ደረሰ። ወታደራዊው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ለገሠ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። ፋናዬ አጠገቡ አቁማ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"ስንት?" አላት፣ መሬት መሬት እያየ።

አናገራት። "አሥራ ስድስት ከአርባ!" አለች እንባዋ እየቀደማት። "አለፍክ፣ ለጌ። አሥራ ስድስት ከአርባ።"

ለገሠ "ኦኬ" አላለም። ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ ቀረበ። እጁን አስገብቶ አንጓዋን ያዘ፣ ወደ ራሱ አዞረው፣ ሰዓቱን ራሱ አየ። ከዚያ እጇን ለቀቀና ሄዶ መኪናው ላይ ወጣ።